አበዳሪ የሌለው ብድር

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን በአማርኛ ለመጫወት የሞከረ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ችግር አለ። ዊዛርድ፣ ሶርሰረር እና ዎርሎክ የሚባሉት ክላሶች በአማርኛ ሲጠሩ ሦስቱም «ጠንቋይ» ሆነው ቁጭ ይላሉ። አዲስ ተጫዋች ሲመጣ ልዩነቱን የማስረዳው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ኃይሉን ከየት አመጣው? ዊዛርዱ ተምሮ፣ ሶርሰረሩ በደም ወርሶ፣ ዎርሎኩ ደግሞ ተዋውሎ። ዎርሎኩ ጋ ስደርስ ሰው ጆሮው ይቆማል። ከማን ጋር ተዋዋለ? ምን ሊከፍል? ውል ካለ ታሪክ አለ።

ክርክሬ አጭር ነው። የአንድ ክላስ ጭብጥ በሕይወት የሚኖረው ዋጋው ሕጉ ውስጥ ሲጻፍ ነው። ገለጻው ውስጥ ብቻ ከቀረ ጌጥ ነው።

ለማታውቁት፦ ይህ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በወረቀት፣ በዳይስና በጨዋታ ወሬ የሚጫወቱት ነው። አንዱ ሰው ዓለሙን ይመራል፤ ዲኤም እንለዋለን። ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ እንይዛለን። ክላስ ማለት ያ ገጸ ባሕርይ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነና ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስነው ነገር ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን በ1974 እ.ኤ.አ. ሲያወጡት ክላሶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛ እና ክሌሪክ።

የዚያን ጊዜውን አስማተኛ እዩት። ድግምቱን አንዴ ከተጠቀመበት ከአእምሮው ይጠፋል፤ እንደገና ከመጽሐፉ ማጥናት አለበት። ሐሳቡ የመጣው ከጃክ ቫንስ «ዘ ዳይንግ ኧርዝ» ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1950 ነው። ይህ ሰው የመጽሐፍ ሰው እንደሆነ ማንም በረጅም አንቀጽ ሊነግራችሁ አያስፈልግም። ነገ ምን ሊገጥመኝ ይችላል ብላችሁ ድግምት ስትመርጡ ራሳችሁ ተማሪ ሆናችኋል። ሕጉ ጭብጡን አስጫወታችሁ ማለት ነው።

ፓላዲኑ ደግሞ ይብሳል። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ፓላዲን ከሚያገኘው ገቢ አሥራት ያወጣል፤ ከአሥር በላይ አስማታዊ ዕቃ መያዝ አይችልም፤ አውቆ ክፉ ሥራ ከሠራ ፓላዲንነቱን እስከ መጨረሻው ያጣል። ቅድስና እዚህ ጋ ስሜት አይደለም። ከኪስ የሚወጣ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዎርሎኩ እንመለስ። በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም የሚበልጠው ክላስ ይህ ነው ባይ ነኝ። አንድ ከሰው በላይ የሆነ ነገር፣ ጋኔን ሊሆን ይችላል፣ ኃይል አበድሮታል። በ2014ቱ እትም አበዳሪውን የምትመርጡት ገና ከደረጃ 1 ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሕጉ ዝም ይላል። አጭር ዕረፍት ስታደርጉ ድግምታችሁ ይመለሳል፤ ደረጃ ስትጨምሩ አዲስ ችሎታ ታገኛላችሁ። አበዳሪው መቼ ይመጣል? ምን ይጠይቃል? እንቢ ብትሉትስ? መጽሐፉ ከዲኤሙ ጋር ተነጋገሩበት ብሎ ያልፋል። በ2024ቱ እትም ደግሞ ንዑስ ክላስ ለሁሉም ከደረጃ 3 እንዲጀምር ስለተደረገ፣ ዎርሎኩ አበዳሪውን የሚመርጠው አስማቱን ሲጠቀም ከቆየ በኋላ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ወጣ፤ የባንኩ ስም በኋላ ተሞላ።

እኔ ፕሮግራም ጸሐፊ ስለሆንኩ ነገሩ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ከኮድ ጎን ኮሜንት እንጽፋለን። ኮሜንት ለሰው ነው፤ ማሽኑ አያነበውም። ኮሜንቱ «እዚህ ጋ ክፍያው ይረጋገጣል» ቢል፣ ኮዱ ግን ምንም ባያረጋግጥ፣ ደንበኛው ዕቃውን ይዞ በነጻ ይወጣል። የዎርሎኩ ውል ኮሜንት ነው።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ቀላል መልስም አይደለም። የድሮው ፓላዲን ጠረጴዛ አጣልቷል። ዲኤሙ ሕፃን አግቶ፣ ምርኮኛ አሰልፎ፣ «እስቲ አሁን ምን ታደርጋለህ» እያለ ወጥመድ ያጠምዳል፤ ተጫዋቹ ሳምንታት የደከመበትን ገጸ ባሕርይ በአንድ ምሽት ይነጠቃል። ሰዎች ከሥራ ደክመው ወጥተው የሚጫወቱት ሊቀጡ አይደለም። ስለዚህ አዘጋጆቹ ቅጣቱን አላሉት፣ ጭብጡንም ለተጫዋቹ ፈቃድ ተዉት። ጎበዝ ዲኤም ካለ ደግሞ ዕዳውን ራሱ ያመጣዋል ይላሉ።

ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ጎበዝ ዲኤም ማንኛውንም ጨዋታ ያድናል፤ ያ ግን የዲኤሙ ምስጋና እንጂ የመጽሐፉ አይደለም። ሁለተኛ፣ የድሮው ችግር ዋጋ መኖሩ አልነበረም። ዋጋውን ተጫዋቹ አለመምረጡ ነው። በ2012 የወጣው ደንጀን ወርልድ ይህን በደንብ አሳይቷል። እዚያ ፓላዲኑ ተልዕኮ ሲወስድ የሚፈልገውን በረከት ራሱ ይመርጣል፤ ዲኤሙ በምላሹ መጠበቅ ያለበትን ስለት ይነግረዋል። ላለመዋሸት ሊሆን ይችላል፣ ከመብልና ከመጠጥ ለመቆጠብ፣ ወይም ችግረኛን ማንም ይሁን ማን ለመርዳት። ስለቱን እስከጠበቀ በረከቱ አለ። ወጥመድ የለም፤ ሁለቱም ወገን ምን እንደተባለ ያውቃል።

«ስለት» ያልኩት በከንቱ አይደለም። እኛ ጋ ይህ ቃል ከነሕጉ ነው የሚታወቀው። ልጄ ከዳነ ይህን አመጣለሁ ያለ ሰው፣ ልጁ ሲድን ቁልቢ ገብርኤል ድረስ ይዞት ይሄዳል። ስለቱን ታሪክ የሚያደርገው ልመናው ብቻ አይደለም። ያ መንገድ ነው። ዕቃው በእጁ ነው፣ ቀኑ ይታወቃል፣ የተሰጠው ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ እየሮጠ ነው። መንገዱን ቆርጣችሁ አውጡት፤ የሚቀረው ጥሩ ዕድል የገጠመው ሰው ወሬ ነው።

ዎርሎኩ ላይ የሆነው ይኸው ነው። መንገዱ ተቆርጧል። ሃያ ደረጃ ሙሉ ኃይሉ እየጨመረ የሚሄድ፣ አንድም ቀን በሩ ያልተንኳኳበት ባለዕዳ ቀረን። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ዕድሜያችን ይህን ታሪክ የሚፈልግበት ዕድሜ ነው። ኃይል ከየት እንደመጣ፣ ለማን ምን እንዳለብን፣ የቱን ቃል እንደምንጠብቅና የቱን እንደምናፈርስ፣ ቢያንስ በጨዋታ ልንሞክረው የምንችልበት ቦታ ብዙ የለንም።

ማስተካከያው አዲስ እትም መጠበቅ አያስፈልገውም። ዎርሎክ ልትጫወቱ ከሆነ የመጀመሪያው ዳይስ ከመጣሉ በፊት ከዲኤሙ ጋር ሦስት መስመር ጻፉ፦ አበዳሪው ማን ነው፣ የሚፈልገው ምንድን ነው፣ ባይከፈል የትኛው ድግምት ይታገዳል። ወረቀቱን ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ጠረጴዛው ላይም ሁሉም የሚያየው ቦታ አስቀምጡት።