የሆሄ ቍጥርና የቀለም ክብደት፤ ስለ ቂሊንጦ ስም አጻጻፍ የቀረበ ሒስ

በኢትዮጵያ ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አስተባብሮ ስለሚይዝ፥ አንዱ ሆሄ አንድ የድምፅ ቀለም ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። አባባሉ ከፊል እውነት ቢኖረውም እንደ ሕግ ሊያዝ አይገባውም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው የቂሊንጦ ስም ነው። ስሙ በአራት ሆሄያት ይጻፋል፤ ሲነገር ግን ቀለሙ ሦስት ብቻ ነው፤ ይኸውም ቂ፥ ሊን፥ ጦ። ሳድሱ «ን» የራሱን አናባቢ ሳያሰማ መካከለኛውን ቀለም ይዘጋዋል። እንዲሁም «ይሰብራል» በአምስት ሆሄያት ተጽፎ በሦስት ቀለም ይነገራል፤ ይ፥ ሰብ፥ ራል።

ሆኖም ፊደሉን የሚነቅፉ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ጉድለቶችን እንደ አንድ መቍጠራቸው ትክክል አይደለም። ሳድሱ መቼ አናባቢ እንደሚያሰማ፥ መቼም እንደማያሰማ አብዛኛውን ጊዜ የቋንቋው ሥርዓት ራሱ ስለሚወስነው ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ አይቸገርም። የማጥበቅና የማላላት ነገር ግን ከዚህ ይለያል። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፥ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል። የቀለሙ ቍጥር በሁለቱም ሁለት ነው፤ የሚለያየው የፊተኛው ቀለም ክብደት ነው፤ የላላው ገ፥ ና፤ የጠበቀው ገን፥ ና ይሆናልና። ይህን ክብደት ፊደሉ አይጽፈውም።

የክብደት ሚዛን እንደየቋንቋው ይለያያል። የጥንት ግሪኮችና የዐረቦች ግጥም የተዘጋውን ቀለም ከረዥሙ ጋር ከባድ አድርጎ ይቈጥራል፤ የሶማልኛ ግጥም የአናባቢውን ርዝመት ይመዝናል። የአማርኛ ወል ቤት ግን በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም ይቈጥራል እንጂ ክብደቱን አይጠይቅም። ስለዚህ የፊደሉ ዝምታ በግጥም ቈጠራ ላይ ጉዳት አላመጣም፤ ጉዳቱ የሚታየው ስምና ቃል በሚመዘገብበት ጊዜ ነው።

ቂሊንጦ በኦሮምኛ፥ ማለት በ1984 ዓ.ም. በጸደቀው የላቲን ፊደል፥ በቁቤ ሲጻፍ የመጨረሻው አናባቢ ረዥም መሆኑን ለማሳየት ይደገማል። አማርኛ አናባቢን በርዝመት ስለማይለይ «ጦ» ይበቃዋል። የአማርኛው አጻጻፍ ለአማርኛ ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ የሚመጣው ይህን አጻጻፍ ለስሙ የኦሮምኛ ድምፅ ምስክር አድርጎ ሲያቀርቡት ነው።

ቶማስ ኬን በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በየቃሉ አጠገብ ንባቡን እያጠበቀና እያላላ ማስፈሩ የሚመሰገን ነው። የቦታ ስም የሚሰበስብ ተመራማሪም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል፤ ያለዚያ የመዘገበው ሆሄውን እንጂ ስሙን አይደለም።