ዘግይቶ የደረሰው ኦርኬስትራ

ፋሮክ ቡልሳራ እ.ኤ.አ. በ1946 በዛንዚባር፣ ስቶን ታውን ተወለደ፤ ዓለም ያወቀው ግን ፍሬዲ መርኩሪ በሚለው ስሙ ነው። ይህ የሮክ ድምፃዊ ከስፔናዊቷ ሶፕራኖ ከሞንሰራት ካባዬ ጋር የሠራው «ባርሴሎና» የተሰኘ አልበም ዛሬ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ በ1988 የወጣው ነው። ሌላው በ2012 የወጣው ሲሆን፣ የሁለቱ ድምፅ እንዳለ ተጠብቆ አጃቢው ሙዚቃ በኦርኬስትራ እንደ አዲስ ተሠርቶለታል። ብዙዎች ሁለተኛውን ያስበልጣሉ። ይህ ጸሐፊ አይስማማም።

የኦፔራ ዘፋኝ ዓመታት የሚፈጅ ሥልጠና የሚወስደው ያለ ድምፅ ማጉያ ከኦርኬስትራው በላይ ለመሰማት ነው። በተለይ የሠለጠነ የወንድ ድምፅ ኃይሉን በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ያከማቻል፤ ኦርኬስትራው እዚያ ላይ ስለሚሳሳ አንድ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ መሣሪያ ጥሶ ይወጣል። ድምፁ የሻከረ ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ያንኑ ክፍተት ይሞላዋል። የፊንላንዱ ናይትዊሽ በ2004 «ዋንስ» በተባለው አልበሙ ታርያ ቱሩነንን፣ ከባድ ጊታርንና የለንደን ፊልሃርሞኒክን በአንድነት ሲያሰልፍ፣ ማን መቼ እንደሚሰማ የወሰነው የዘፋኟ ሳንባ ሳይሆን የስቱዲዮው ባለሙያ እጅ ነበር። አልበሙ ያስደስታል፤ ነገር ግን ሥልጠናው የተፈለገበት ምክንያት እዚያው ቀልጦ ቀርቷል።

«ባርሴሎና» ይህን ግጭት ጊታርን ወደ ዳር በመግፋት ያልፈዋል። የጊታሩን ብቻ ሳይሆን የኦርኬስትራውንም ቦታ በአብዛኛው የያዘው የማይክ ሞራን ኪቦርድ ነው። የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ለአንድ ኪቦርድ ስፍራቸውን ሲለቁ የታዘብን የአማርኛ ዘፈን አድማጮች፣ ይህን ድምፅ ገና ሲጀምር እናውቀዋለን። ርካሽነቱን መካድ አይቻልም። ሆኖም ራሱን አይደብቅም፤ ሁለቱ ዘፋኞችም የዘፈኑት እርሱን እየሰሙ ነው።

ካባዬ የገነነችው ትልቅ አዳራሽን እንደ ክር በቀጠነ ድምፅ ጸጥ በማሰኘት ነው። ማይክሮፎን ይህን ጸጋ ያረክሰዋል፤ በማይክሮፎንማ ማንም ሊያንሾካሹክ ይችላል። ስለዚህም ይመስላል አልበሙ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ባለ ጩኸት የሚያሰልፋት። «ዘ ጎልደን ቦይ» የወንጌል መዘምራንን ስልት ጭምር ደራርቦ ሲንጋጋ ሁለቱም ይጠፋሉ። ፒያኖ በሚመራው «ኤንሱዌንዮ» ግን ነገሩ ይለወጣል፦ ፍሬዲ የሮክ ጩኸቱን ትቶ ወደ ወፍራም ድምፁ ይወርዳል፤ እርሷም በለሆሳስ ከበላዩ ትንሳፈፋለች። ኦፔራ ዘፋኝ አልነበረም፤ እዚህም ለመምሰል አይሞክርም።

አሁን ወደ 2012ቱ እንመለስ። ስቱዋርት ሞርሊ ለኦርኬስትራ ያዘጋጀውንና በፕራግ ሙዚቀኞች የተቀዳውን ሥራ በድምፅ ጥራቱ ማንም አያማውም። ይሁንና በኦፔራ ቤት መሪው የዘፋኙን ትንፋሽ ይጠብቃል፤ ዘፋኟ አንዲት ኖታ ላይ ብትዘገይ ቫዮሊኖቹ አብረው ይዘገያሉ። ፍሬዲ ያረፈው በ1991 ነው። የፕራግ ሙዚቀኞች የተከተሉት እንግዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ያስቆጠረና ፍጥነቱ አስቀድሞ በማሽን የተወሰነ ቅጂ ነበር። ቫዮሊኑ እውነተኛ ነው፤ የሚሠራው ግን ኪቦርዱ ይሠራው የነበረውን ሥራ ነው። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ የሚያዳምጥ አንባቢ ይህን በርዕሱ ዘፈን ላይ፣ ድምፆቹ ትንፋሽ በሚወስዱባቸው ቦታዎች፣ በግልጽ ያገኘዋል።