ውበትና ንባብ፤ ስለ ስልክ ገጾቻችን አጭር ትችት

በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን የጎበኘ ሰው አስቀድሞ የሚያስታውሰው ከጣሪያው የሚመለከቱትን የመላእክት ፊቶች ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን ለማማር ብቻ አልተሣለም፤ ፊደል ያልቈጠረው ምእመን ታሪኩን በዓይኑ እንዲያነብ ጭምር ነው እንጂ። የብራና ጸሐፊዎችም ሐረጉን በመጽሐፉ ራስ ላይ ይሥሉታል እንጂ በቃላቱ መካከል አይበትኑትም። መስመሩ የተሰመረ፥ ቀለሙ ጥቁር፥ የቅዱሳን ስም ቀይ ነው። ውበቱ ንባቡን ያግዛል እንጂ አይሻማውም።

ዛሬ የስልክ መተግበሪያ ከሚነድፉት መካከል ብዙዎቹ ይህን ሥርዓት የዘነጉት ይመስለናል። በነጭ መደብ ላይ ቀጭን ግራጫ ፊደል ማስፈር የዘመናዊነት ምልክት ሆኗል። ይህ ለላቲን ፊደል መጥፎ ከሆነ ለእኛ ፊደል ይብሳል። ካዕቡ «ቡ» ከሣልሱ «ቢ» የሚለየው ቅጥያው በወገብ ወይም በእግር በመሆኑ ብቻ ነውና፥ ፊደሉ ሲያንስና ሲደበዝዝ ይህች ጭረት ትጠፋለች። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ተራ ጽሑፍ ከመደቡ ጋራ ቢያንስ 4.5 ለ1 ንጽጽር እንዲኖረው ይጠይቃል። ማለፊያ ነው፤ ነገር ግን የፊደላችንን ትንሹን መጠን አይወስንልንም። ይህ የእኛው ሥራ ነው።

«ክርክሩ የጌጥ ብቻ ነው» የሚለን ይኖራል። አይደለም። ትራኮማ የብዙ ሰው ዓይን በጎዳበት በአማራ ክልል፥ ከስሜን ደጋ ወደ ደባርቅ ገበያ የወረደ ሽማግሌ ገጹን ማንበብ ካልቻለ የምሥጢር ቁጥሩን ለሌላ ሰው ይነግራል፤ ቁጥሩን የነገረም ገንዘቡን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር፥ ከመተግበሪያው ሌላ *127# በመደወል በተራ ስልክ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ መደረጉን የምናመሰግነው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጌጥን ማራቅ ብቻውን አይበቃም፤ ዓይነ ስውር ተራውንም ጽሑፍ አያየውምና። የቤተ ክህነት ትምህርት በቃል ስለሚሰጥ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ወጥተውበታል። እንግዲያስ ስልኩም ይናገር፤ ለእያንዳንዱ ሥዕላዊ ምልክት የአማርኛ ስም ይሰጠው።

ውበት ይቅር አንልም። ንድፉ ከመጽደቁ በፊት በጠራራ ፀሐይ፥ በአሮጌ ስልክ፥ በአረጋዊ ዓይን ይፈተን እንላለን። ሐረጉ በራሱ ስፍራ ይዋል፤ ንባቡም በራሱ።