የተከለከለ ዱካ፦ የአዳኝ ቡችሎች ሥልጠና ከዜኖፎን እስከ ቤክፎርድ

ግሪካዊው ጸሐፊ ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን በጻፈው የአደን መጽሐፍ ለውሻ ባለቤት አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ውሾችህ ቀበሮ እንዲያሳድዱ አትፍቀድ፤ ይበላሹብሃል፣ በምትፈልጋቸውም ሰዓት አታገኛቸውም ይላል። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ፣ በ1781 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ፒተር ቤክፎርድ በደብዳቤ መልክ ባሳተመው የአደን መጽሐፍ ትእዛዙ ተገልብጦ እናገኘዋለን። እዚህ የምትመሰገነው ቀበሮ የተከተለችው ቡችላ ናት፤ ጥንቸል የተከተለችው አለንጋ ይጠብቃታል። የሁለቱም ቡችሎች አፍንጫ ግን የሠራው ያንኑ ሥራ ነው።

ስለ አዳኝ ውሻ ሥልጠና የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚነበቡት የድፍረትና የፍጥነት ትምህርት እንደሆኑ ተደርገው ነው። ይህ ተቃርኖ ግን ወደ ሌላ ንባብ ይጋብዛል። ማሳደድን ለቡችላ ማንም አያስተምራትም፤ ይዛው ትወለዳለች። አሠልጣኙ የሚደክመው መተውን ለማስተማር ነው። የቱን እንደምትተው የሚወስነው ደግሞ የጌታዋ ፍላጎት እንጂ የአውሬው ጠባይ አይደለም። እናም በእነዚህ መጻሕፍት የውሻ ጥፋት ተብሎ የተመዘገበው ሁሉ በሌላ በኩል የሰው ታሪክ ነው።

የዜኖፎን ምክር ዛሬም የሚያስደንቅ ጥንቃቄ አለው። ዋነኛው ታዳኝ ጥንቸል ነው፤ አዳኙ መረብ ይዘረጋል፣ ውሾቹ ጥንቸሏን ከተኛችበት ቀስቅሰው ወደ መረቡ ይነዷታል። ሴቷ ቡችላ በስምንት ወሯ፣ ወንዱ በዐሥር ወሩ ይወጣሉ፤ ነገር ግን አይለቀቁም። በረጅም ማሰሪያ ተይዘው ዱካ ከሚያነፈንፉት ትልልቅ ውሾች ኋላ ኋላ ይሄዳሉ። ጥንቸሏ ከተነሣች በኋላም ለሩጫ የታደለችው ቡችላ ወዲያው አትፈታም፤ ታዳኟ ከዓይን እስክትሰወር ይጠበቃል። አካሏ ገና አልጠናምና፣ በቅርብ ካየቻት ከአቅሟ በላይ ተወጥራ ትጎዳለች። ለሩጫ ያልታደለችውን ግን ቶሎ ብትለቃት ግድ የለም፤ እንደማትደርስባት ወዲያው ገብቷት ተስፋ ትቆርጣለችና። (ቀልድ ይሁን ጭካኔ ለመለየት ያስቸግራል።) ጥንቸሏ ስትያዝ እንዲቦጫጭቋት ለቡችሎቹ ትሰጣለች። ምግብን በተመለከተ ደግሞ አዳኙ ራሱ፣ ቡችላዋ በራባት ሰዓት እንዲያጎርሳት ያዝዛል፤ ጠግባ ሳለች ማን እንደሰጣት ልብ አትልም፣ ርቧት ያበላትን ግን ትወደዋለች። ከዚህ አጭር ምክር በኋላ ስለ ማለማመድ የተጻፉ ብዙ ገጾች ረጅም ማብራሪያ ብቻ ይመስሉኛል።

ዜኖፎን 47 የውሻ ስሞችም ይዘረዝራል፤ «ነፍስ»፣ «ዘበኛ»፣ «ወጣትነት» የሚል ትርጉም ያላቸው ይገኙባቸዋል። ለመጥራት እንዲቀልሉ አጭር መሆን አለባቸው ይላል። ጌታውን በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ብሎ ለሚጠራ ባህል ይህ ዝርዝር የሚነግረው ነገር አለ። በእኛ የፈረሱ ስም ወደ ጌታው ክብር ይሻገራል፤ የዜኖፎን ውሻ ስም ግን ጌታ የሚጮኸው፣ ከዱካ መመለሻ መሣሪያ ነው።

ዜኖፎን ወደ ሌሎች አራዊት ሲሻገር ግን ሥልጠናው ከመጽሐፉ ይጠፋል። ለአጋዘን ትልልቅና ፈጣን የሆኑትን የህንድ ውሾች፣ ለከርከሮ ደግሞ የህንድ፣ የቀርጤስ፣ የሎክሪስና የስፓርታ ውሾችን ይመክራል። በከርከሮ አደን ከስፓርታ ውሾች አንዷ ተፈትታ ዱካውን ትፈልጋለች፣ የቀሩት ታስረው ይከተላሉ። አንበሳና ነብር ዘንድ ሲደርስ ውሻ ከነጭራሹ ይቀራል፤ መርዝ፣ ጉድጓድና ጦር የያዙ ፈረሰኞች ይተኩታል። ሌላ አውሬ ሲመጣ ዜኖፎን ትምህርቱን ሳይሆን ዝርያውን ይለውጣል ማለት ነው። ይህ የመጽሐፉ ትልቁ ክፍተት ይመስለኛል። አንዲት ቡችላ በተለያዩ ጠረኖች መካከል መምረጥን ልትማር ትችላለች የሚለው ሐሳብ ገና አልመጣም። በመዝጊያ ምዕራፎቹ ዜኖፎን አደን ወጣት ወንዶችን እንዴት እንደሚያንጽ አውስቶ ሶፊስት የተባሉትን የንግግር መምህራን ሲወቅስ፣ ስለ ቡችሎቹ ሲነግረን የቆየው ስለ አቴና ልጆችም እንደነበር ይገለጥልናል።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዘመን የተነሣው ግሪካዊው ጸሐፊ አርያን የዜኖፎን አድናቂ ነው፤ አርአያው የኬልቶችን ፈጣን ውሾች አላወቃቸውም በማለት መጽሐፉን ሊያሟላ ይነሣል። እነዚህ በአፍንጫ ሳይሆን በዓይን የሚያሳድዱ ናቸው። አርያን በአንዲት ጥንቸል ላይ ከሁለት ውሻ በላይ መልቀቅን ይነቅፋል፤ እውነተኛ አዳኝ የሚወጣው ሥጋ ፈልጎ ሳይሆን ፉክክሩን ለማየት ነው፣ ጥንቸሏ ብታመልጥም ደስ ይለዋል ይላል። ስለ ራሱ ውሻ ስለ ሆርሜ የጻፈው ክፍል በፍቅር የተሞላ ነው። ሆኖም ለቡችላ ማስጀመሪያ ጥንቸል ገላጣ ቦታ ላይ እንድትለቀቅ፣ ቡችላዋ እንዳትደክምም ልምድ ያለው ውሻ እንዲከተል ሲመክር፣ ፍትሐዊ ፉክክር የሚለው አነጋገር ለጥንቸሏ ብዙም እንደማይፈይድ ያሳያል።

ዋናው ለውጥ የመጣው በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይ ነው። የፉዋ ገዥ የነበረው ጋስቶን ፌቡስ የአደን መጽሐፉን መጻፍ የጀመረው በሜይ 1 ቀን 1387 ነው። በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው ሥዕላዊ ቅጂ ላይ አገልጋዮች የውሾችን መዳፍ ሲመረምሩ፣ ሲያጥቧቸውና ሲያክሟቸው ይታያሉ። ፌቡስ የአሠልጣኙን ትምህርት የሚጀምረው ከሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ልጁ የውሾቹን ስምና ቀለም ይማራል፣ እነሱው ዘንድ ያድራል። ቡችላዋ ከመሠልጠኗ በፊት ልጁ ይሠለጥናል።

ለፌቡስ የመጨረሻው ፈተና አጋዘንን ከከርከሮ መለየት አይደለም። የሚታደነው ወንድ አጋዘን ሲጨንቀው ወደ ሌሎች አጋዘኖች መካከል ገብቶ ይደባለቃል፤ ያልደከመ ሌላ አጋዘን ተነሥቶ በእሱ ፈንታ ይሮጣል። ጀማሪዎቹ ውሾች በአዲሱ ዱካ ይነጉዳሉ። ፌቡስ ከሁሉ አስበልጦ የሚያወድሰው ያንን የመጀመሪያውን አጋዘን ሳይለቅ የሚቀጥለውን ውሻ ነው። አንዳንዶቹ አጋዘኑ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ሳለ ድምፃቸውን ያጠፋሉ፣ ሲለይ እንደገና ይጮኻሉ። ክልከላው እዚህ ረቂቅ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ የተከለከለውና የተፈቀደው አንድ ዓይነት እንስሳ ናቸውና። ትምህርቱ የሚጸናው በሽልማት ነው፤ አጋዘኑ ሲወድቅ በራሱ ቆዳ ላይ በደሙ የራሰ ዳቦ ተቆራርሶ ለውሾቹ ይቀርባል።

ፌቡስ ይህን የውሻ ጥበብ ይለዋል፤ አድናቆቱም እውነተኛ ነው። ይሁንና አጋዘኑን የመረጠው ማን እንደሆነ ራሱ መጽሐፉ ይነግረናል። በማለዳ አንድ አዳኝ ዝምተኛ ውሻ በማሰሪያ ይዞ አውሬው ያደረበትን ያስሳል፤ ያገኘውንም ፋንድያ ይዞ መኳንንቱ ለምግብ ወደተሰበሰቡበት ይመጣል። እነሱ ፋንድያውን እያገላበጡ የትኛው አጋዘን እንደሚገባቸው ይመክራሉ። ውሾቹ ቀኑን ሙሉ የሚታመኑት በማዕድ ዙሪያ ለተደረገው ለዚህ ምርጫ ነው። የዮርኩ መስፍን ኤድዋርድ ከ1406 እስከ 1413 ባለው ጊዜ መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ይህን ሥርዐት አብሮ አሻገረ።

ቤክፎርድ የሚጽፈው ቀበሮ የክብር ታዳኝ በሆነበት ዘመን ነው። ስለ ቡችሎች በጻፋቸው ደብዳቤዎች የሚሞግተው ከሌሎች አዳኞች ልማድ ጋር ነው፤ እነሱ ቡችሎችን በጥንቸል ያስጀምራሉ፣ ከዚያ ያንኑ ጥንቸል በመከተላቸው ይገርፏቸዋል። በኋላ ልታስተዋቸው ያሰብከውን ለምን ታስተምራቸዋለህ ባይ ነው። በመጀመሪያ ቡችሎቹ ከአሮጌ ውሾች ጋር እየተጠመዱ በበግና በአጋዘን መካከል እንዲመላለሱ፣ ጠረኑን እስኪለምዱትና ቁም ነገር እንዳልሆነ እስኪቆጥሩት ድረስ እንዲቆዩ ይመክራል። በእኔ ግምት ከአራቱ ጸሐፊዎች ለቡችላ ፍትሕ የቀረበው እሱ ነው።

አስቂኝ ታሪክም አለው። በግ አላስቀምጥ ያሉ ውሾች የነበሩት አንድ ሰው፣ እየወጋ ያስተምራቸው ብሎ አንድ አውራ በግ ውሾቹ ከሚያድሩበት ቤት ያስገባል። በጉ ሲዋጋ አይቶ፣ ተደስቶ ይሄዳል። ሲመለስ በጉ የለም፤ ውሾቹ ጠግበው ተኝተዋል። ታሪኩ የሚስቀው በሰውየው ላይ መሆኑ የአጋጣሚ አይመስለኝም። ቤክፎርድ አለንጋን ከነጭራሹ አልተወም፤ ቅጣትን የአሠልጣኙ ስንፍና ማካካሻ ማድረግን ግን አጥብቆ ይጠላል።

የጥፋቱ ጥያቄ በእንግሊዝና በዌልስ በቅርቡ ሌላ መልክ ይዟል። አጥቢ የዱር እንስሳትን በውሻ ማደንን የሚከለክለው የ2004 ሕግ በፌብሩዋሪ 2005 ሥራ ላይ ሲውል፣ ብዙዎቹ የአደን ማኅበራት አስቀድሞ በመሬት ላይ በተጎተተ ጠረን ውሾቻቸውን ወደ መምራት ዞሩ፤ ጠረኑ ከራሱ ከቀበሮ የተወሰደ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በቀበሮ ጠረን ያደገች ቡችላ ሕያው ቀበሮ ስታገኝ እንድታቆም ይጠበቃል። ይህ ቤክፎርድ የተቃወመው አሠራር ነው፤ ነገር ግን ተጠያቂው ተለውጧል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2009 ማደን ማለት ሆን ብሎ ማደን ነው ብሎ ስለወሰነ፣ የሚመረመረው የሰው ሐሳብ ሆነ። ለዳኛው ቁም ነገሩ ቡችላዋ ያሸተተችው አይደለም፤ ውሾቹ ቀበሮውን ሲያገኙ ጥሩንባ የያዘው ሰው ጠራቸው ወይስ ዝም አለ የሚለው ነው።