ሰዓትን የሚቆጥር ፈቃድ፤ በአሜሪካ የሱስ አማካሪዎች የብቃት ሰነድና የሙያ ፈቃድ አሰጣጥ ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ለማንኛውም ሙያ ሥርዓተ ትምህርት ሲነደፍ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ፣ ሠልጣኙ ትምህርቱን ሲፈጽም ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ጥያቄ ደግሞ መቻሉን በምን እናውቃለን የሚለው ነው። የመጀመሪያውን በጥንቃቄ መልሶ ሁለተኛውን ለሌሎች የተወ ሰነድ፣ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ጥሩ መማሪያ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው እንዲህ ያለ ሰነድ ነው። ይኸውም የአሜሪካ መንግሥት የዕፅ ሱሰኝነት ሕክምና ማእከል በ1998 አሳትሞ በ2006 ያሻሻለው፣ የሱስ አማካሪ ሊኖሩት የሚገቡትን ብቃቶች የሚዘረዝረው መጽሐፍ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በጫት ወይም በመጠጥ ምክንያት ከትምህርቱ የተዘናጋ ተማሪ ያላጋጠመው መምህር ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ለመርዳት የሚሠለጥን ባለሙያ እንዴት ይዘጋጃል፣ እንዴትስ ይመዘናል የሚለው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው።

፩. የሙያው አመጣጥ

የሱስ ምክር አገልግሎት የተጀመረው በትምህርት ቤት አይደለም። በ1935 በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ የተመሠረተው የአልኮል ሱሰኞች የመረዳጃ ማኅበር፣ ከመጠጥ የተላቀቀ ሰው ገና ያልተላቀቀውን ያለ ክፍያ የሚረዳበት ኅብረት ነበር። ቀጥሎም በሚኒሶታ ግዛት በ1949 የተከፈተው የሄዝልደን ማገገሚያና የዊልማር የመንግሥት ሆስፒታል ይህንን ልምድ ከሕክምና ጋር አዋሐዱት። በዊልማር ከሱስ ያገገሙ ሰዎች ከሐኪሞችና ከሥነ ልቡና ባለሙያዎች ጎን ተቀጥረው መሥራት ሲጀምሩ፣ የግዛቲቱ የሲቪል ሰርቪስ አስተዳደር በ1954 የአልኮል ሱሰኝነት አማካሪ የሚል የሥራ መደብ ፈቀደ።

በ1970 መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ስለ አልኮል ሱሰኝነት የሚያጠና ብሔራዊ ተቋም ሲያቋቁምና የፌዴራል ገንዘብ ሲመድብ የማገገሚያ ድርጅቶች ቁጥር እየበዛ ሄደ። ገንዘብ ከፋዩም አማካሪ የሚባለው ማን እንደ ሆነ መጠየቁ አልቀረም። በ1981 ደግሞ የበርካታ ግዛቶች መስካሪ ቦርዶች የጋራ መለኪያ ለማውጣት ተባበሩ። እንግዲህ ፈቃዱ የተወለደው ከሁለት ዓላማዎች ነው፤ አንደኛው ታማሚውን ከአላዋቂ እጅ ለመጠበቅ፣ ሁለተኛው በልምድ ብቻ ሲሠሩ ለኖሩት ሰዎች የሙያ ክብር ለመስጠት ነው። ሁለቱም ዓላማዎች ተገቢ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሒስም ዓላማዎቹን ሳይሆን መለኪያውን የሚመለከት ነው።

፪. የሰነዱ ይዘትና ጠንካራ ጎኖች

ሰነዱ ትምህርቱን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል። በመጀመሪያ ማናቸውም የሱስ ሕክምና ባለሙያ፣ ሐኪምም ይሁን ነርስ ወይም አማካሪ፣ ሊይዛቸው የሚገቡ አራት መሠረቶች ቀርበዋል። እነርሱም ሱስን መረዳት፣ ሕክምናውን ማወቅ፣ ዕውቀቱን ከሥራ ጋር ማገናዘብና ለሙያው ዝግጁ መሆን ናቸው። ከዚያም የአማካሪው የሥራ ዘርፎች በስምንት ተመድበዋል፤ ታማሚውን መመርመር፣ የሕክምና ዕቅድ ማውጣት፣ ወደ ሌላ አገልግሎት መምራት፣ አገልግሎቶችን ማቀናጀት፣ መምከር፣ ታማሚውንና ቤተሰቡን እንዲሁም ኅብረተሰቡን ማስተማር፣ መዝገብ መያዝና የሙያ ሥነ ምግባርን መጠበቅ። በእነዚህ ሥር በጠቅላላው 123 ብቃቶች ተዘርዝረዋል። ለስምንቱ ዘርፎች ብቃቶችም የሚያስፈልገው ዕውቀት፣ ክሂልና ዝንባሌ ለየብቻ ተጽፏል።

የዚህ አቀራረብ ጥቅም ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ቅን ልብ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ለምሳሌ ለብዙ ዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም የሚጥል ሕመም ሊይዘው፣ ሕይወቱም አደጋ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል የማያውቅ መካሪ፣ በጎ ሐሳቡ ራሱ ጉዳት ያደርሳል። ሁለተኛ፣ ዝንባሌን ከዕውቀት እኩል መጻፉ ሊመሰገን ይገባዋል። ብዙ ሥርዓተ ትምህርቶች ዝንባሌን በመግቢያቸው አመስግነው በዝርዝራቸው ይረሱታል፤ ይህ ሰነድ ግን አልረሳውም። ሦስተኛ፣ የመንግሥት ኅትመት በመሆኑ ማንኛውም ማሠልጠኛ ያለ ክፍያ ሊገለገልበት ይችላል።

፫. ጉድለቱ

ሆኖም 123ቱ ብቃቶች እንደ እኩያሞች ተሰልፈዋል። የመዝገብ አያያዝ ደንብን ማወቅና ተመካሪውን በአክብሮት፣ በቅንነትና ችግሩን እንደ ራስ አድርጎ በመረዳት መቅረብ፣ በዝርዝሩ ውስጥ አንድ አንድ ቁጥር ይዘው ይገኛሉ። ሚዛን በሌለበት ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ለመለካት የቀለለው ብቃት ለመለካት የከበደውን ገፍቶ ማስወጣቱ የታወቀ ነው።

የፈቃድ አሰጣጡን ስንመለከት የሆነው ይኸው ነው። መስፈርቱ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ቴክሳስን በምሳሌነት ብንወስድ፣ አመልካቹ የ270 ሰዓት ትምህርት፣ የ300 ሰዓት የተግባር ልምምድና በባለሙያ ቁጥጥር ሥር የተሠራ የ4000 ሰዓት ሥራ እንዲያሟላና ፈተና እንዲያልፍ ይጠየቃል። በብዙ ግዛቶች የሚሠራበት የቦርዶቹ ኅብረት ፈተና 150 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት ነው። ቀድሞ ዕጩው ስለ አንድ ታማሚ ጉዳይ በቃል የሚያስረዳበት ፈተናም በብዙ ስፍራ ነበር፤ በ2000ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ግድም ግን ቀርቷል።

እንግዲህ የምርጫ ጥያቄ ዕውቀትን ይመዝን ይሆናል። ክሂልንና ዝንባሌን የሚመዝነው ማን ነው? የሚሰጠው መልስ 4000ው የቁጥጥር ሰዓት ነው የሚል ነው። ነገር ግን ምክር የሚሰጠው በተዘጋ በር ውስጥ ነው። ተቆጣጣሪው ካልገባ ወይም የተቀዳ ድምፅ ካልሰማ የሚያየው መዝገቡን፣ የሚሰማውም አማካሪው ስለ ራሱ የሚናገረውን ብቻ ነው።

ይህ ምስክርነት ምን ያህል እንደሚታመን በ2004 ሚለርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አሳይቷል። አጥኚዎቹ የሙያ ፈቃድ ያላቸውን 140 የሱስ ሕክምና ባለሙያዎች በዕጣ በአምስት ምድብ ከፍለው አንድ የአመካከር ስልት አስተማሩ። አንዱ ምድብ ዐውደ ጥናት ብቻ፣ ሌሎቹ በተጨማሪ በሥራቸው ላይ የተሰጠ አስተያየት ወይም የግል አሠልጣኝ ወይም ሁለቱንም አገኙ። የመጨረሻው ምድብ ተራውን እየጠበቀ በመጽሐፍና በቪዲዮ ራሱን እንዲያስተምር ተደረገ። ከዚያም በቴፕ የተቀዳው ሥራቸው እስከ 12 ወር ድረስ ተመረመረ። አስተያየት ወይም አሠልጣኝ ያገኙት በክሂላቸው ልቀው ተገኙ፤ በመጽሐፍና በቪዲዮ ብቻ የተማሩት ያሳዩት ለውጥ መጠነኛ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ባለሙያዎቹ ስለ ራሳቸው ችሎታ የሰጡት ግምት በቴፕ ከተሰማው ሥራቸው ጋር ምንም ዝምድና ያልነበረው መሆኑ ነው።

የማይለካው ነገር ትንሽ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱን በዝምታ ማለፍ በተቻለ ነበር። ነገር ግን ትንሽ አይደለም። ሚለርና ሌሎች በ1980 ባወጡት ጥናት፣ ዘጠኝ አማካሪዎች ተመሳሳይ የሕክምና ስልት ይዘው ችግር ያለባቸውን ጠጪዎች ሲረዱ ተቆጣጣሪዎች ሥራቸውን እየተመለከቱ ተመካሪውን በመረዳት ችሎታቸው በደረጃ አስቀመጧቸው። ከስድስት ወር በኋላ በተመካሪዎቹ የመጠጥ ሁኔታ ላይ ከታየው ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ያህል ከዚህ ችሎታ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ዘጠኝ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ቁጥሩን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም። ቢሆንም የምርጫ ጥያቄው የማያየው ነገር ሰው የሚድንበት ወይም የማይድንበት ነገር ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

፬. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ሥራን በዓይን አይቶ መመዘን ብዙ ወጪና ባለሙያ ይጠይቃል፤ የተመልካቹም ፍርድ ከአድልዎ አይጸዳም፤ የምርጫ ጥያቄ ግን ለሁሉም እኩል ነው ይባል ይሆናል። ክርክሩ እውነትነት አለው። የቃል ፈተና እንደ ፈታኙ ጠባይ ሊለዋወጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ሁሉንም በእኩልነት የሚመዝን ሚዛን፣ ሊመዘን የሚገባውን ነገር ካልመዘነ እኩልነቱ አይጠቅምም። ፈተናውና ሰዓቱ ይቅሩ አንልም። የምንለው፣ በተመካሪው ፈቃድ የተቀዱ ጥቂት ውይይቶች በሠለጠነ መዛኝ ተሰምተው ውጤታቸው ከፈተናው ጋር ይታይ ነው። ከ4000 ሰዓት ውስጥ ጥቂቱን በእርግጥ መስማት፣ ሁሉንም ሳይሰሙ ከመቁጠር ይሻላል።

፭. ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ይህንን ከመምህራን ይበልጥ የሚረዳው የለም። በመምህራን ማሠልጠኛ ዕጩው የማስተማር ልምምድ ሲያደርግ አሠልጣኙ ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጦ ይመለከተዋል፤ ከትምህርቱም በኋላ ጠርቶ ድክመቱን ይነግረዋል። አሜሪካኖቹ በቴፕ ያረጋገጡት ነገር በእኛ የሙያ ወግ ቀድሞ የነበረ ነው። ሆኖም መምህሩ ሥራ ከያዘ በኋላ ለሚሰጠው አጭር ሥልጠና ይህንን ወግ ረስተን የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ብቻ የምናድል ከሆነ፣ እኛም ሰዓት ቆጣሪዎች ሆነናል ማለት ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች ከዚህ ሰነድ ሦስት ነገሮች መውሰድ ይገባል። አንደኛ፣ በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ለሚመደብ መምህር የሚያስፈልገው ዕውቀት፣ ክሂልና ዝንባሌ ተለይቶ ይጻፍ፤ ነገር ግን ለየብቃቱ ክብደት ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ሥልጠናው ያለ ክትትልና ያለ አስተያየት አይጠናቀቅ። ሦስተኛ፣ ምሥጢር የመጠበቅ ደንብ አስቀድሞ ይወሰን። በአሜሪካ በ1970 እና በ1972 የወጡት ሕጎች፣ ከእነርሱም የተነሣ በ1975 የተደነገገው መመሪያ፣ የሱስ ታማሚን መዝገብ በልዩ ጥበቃ ሥር ያደረጉት ምሥጢሬ ይወጣል ብሎ የሚፈራ ሰው ወደ ሕክምና ስለማይመጣ ነው። ጫት መቃሙን ለመምህሩ ያመነ ተማሪ በማግሥቱ ከርእሰ መምህሩ ፊት ለቅጣት የሚቆም ከሆነ፣ ከጓደኞቹ መካከል ሌላ የሚያምን አይገኝም።

በመጨረሻም መምህሩ የሥራውን ወሰን ይወቅ። ማዳመጥ፣ አለማዋረድና ተማሪውን ወደ ባለሙያ መምራት የእርሱ ድርሻ ነው፤ ሕክምናው ግን እንደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያሉ ተቋማት ሥራ ነው። የምንመረምረው ሰነድ ወደ ሌላ አገልግሎት መምራትን ራሱን የቻለ የሥራ ዘርፍ ማድረጉ ስለዚህ ነው። ሰነዱ አማካሪ ምን መሆን እንዳለበት በሚገባ ነግሮናል። መሆኑን በዓይንና በጆሮ ማረጋገጥ ግን ፈቃድ ሰጪዎቹ ገና ያልከፈሉት ዕዳ ነው፤ እኛም ሥራውን ስንጀምር ይህንኑ ዕዳ ይዘን እንዳንነሣ እንጠንቀቅ።