ኮክና ፉርኖ ዱቄት፦ ኮብለር በደጋ ከተማ

ኮብለር የተቆራረጠ ፍራፍሬና ቀጭን ሊጥ በአንድ መጋገሪያ ዕቃ ውስጥ ገብተው አብረው የሚበስሉበት፣ እንደ ድፎ ዳቦ እርሾ የማይጠብቅ፣ እንደ ልደት ኬክም እንቁላል መምታት የማይጠይቅ ጣፋጭ ምግብ ሲሆን፣ የተወለደው በአሜሪካ ሠፋሪዎች ማዕድ ቤት ነው። ሌቲስ ብራያን የተባለችው የኬንታኪ ጸሐፊ በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ምግብ ሥጋው ከዘሩ በቀላሉ በማይላቀቅ፣ በሚገባ በበሰለ ኮክ እንዲሠራ ትመክራለች። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለሚጋግር ሰው ግን የምግቡ ጥንተ መሠረት የሚጠቅመው ጥቂት ነው፤ ዱቄቱ፣ ስኳሩና ቅቤው በየጓዳው የሚገኝ ሆኖ ሳለ የአንዱ ኮብለር የሰመረ፣ የሌላው ደግሞ ታቹ ሾርባ፣ ላዩ የወደቀ ሊጥ ሆኖ የሚወጣበት ምክንያት ከሁለት ነገሮች፣ ማለትም ከፍራፍሬው ውኃና ከከተማዋ ከፍታ የሚመነጭ ነውና፣ ጋጋሪው አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ፍራፍሬውን በተመለከተ የዚህ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ዕድለኛ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ የተዛወረው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ በ2013 ዓ.ም. ወደዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ኃይሌ ጋርመንት ተብሎ ወደሚጠራው አካባቢ በመምጣቱ፣ ለጀሞ፣ ለለቡና ለላፍቶ ነዋሪ የአርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ ለብዙ ዘመን ከነበረበት ይልቅ ቀርቦታል። የጨንቻ ደጋ አፕልም ለኮብለር የተመቸ ነው፤ ሆኖም ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ምግብ የተፈጠረ የሚመስለው በክረምት በየመንገዱ ዳር በትንንሽ መደብ ተደርድሮ የሚሸጠው ኮክ ነው። ይህ ኮክ ብዙውን ጊዜ ትንሽ፣ ጠንካራና ጎምዛዛ በመሆኑ ጥሬውን ለመብላት የማይጓጉለት ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን በጥሬው እንደ ጉድለት የሚቆጠሩት ጥንካሬውና ጉምዛዜው በእሳት ላይ ዋነኛ ሀብቶቹ ይሆናሉ፤ ጥንካሬው ቁራጩ በሙቀት እንዳይፈርስ ሲጠብቀው፣ ጉምዛዜው የስኳሩን ጣፋጭነት ይመዝነዋል። ከበሰለ በኋላ የሚያስደስተው ኮክ፣ እንዲሁ ሲቀመስ አፍን የሚያሳስረው ነው ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም።

ማንኛውም ትኩስ ፍራፍሬ ከክብደቱ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ይህ ውኃ ፍሬው ሳይቆረጥ በሕዋሶቹ ግድግዳ ውስጥ ታስሮ ይኖርና፣ ቢላዋ ሲነካው፣ ስኳር ሲነሰነስበትና እሳት ሲያገኘው ይፈታል። ስኳር በቁራጮቹ ላይ ሲነሰነስ ውኃውን ከሕዋሶቹ ወደ ውጭ ይስባል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ጋጋሪ ኮኩን ልጦና ቆራርጦ ከስኳሩ ገሚሱን ነስንሶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተወዋል፤ ከዚያም በሳህኑ ታች የተጠራቀመውን ጭማቂ ለብቻው በትንሽ ድስት አፍልቶ እስኪወፍር ድረስ ያተነዋል። ይህን ሥራ የሚዘለው ሰው ያንኑ ውኃ ከሊጡ ሥር አስቀምጦ ሊጋግር ይነሣል፤ ሊጡም ከታች በእንፋሎት ስለሚቀቀል ዳቦ ሳይሆን ገንፎ መስሎ ይቀራል። በኮኩ ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ የሚገኘውን ዘር ሰብሮ ለሽታ ብሎ መጨመር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በውስጡ ወደ ሳያናይድ መርዝነት የሚለወጥ ንጥረ ነገር አለበትና።

ጭማቂውን የሚያስረው ስታርች፣ ማለትም በእህልና በሥራ ሥር ውስጥ የሚገኘው፣ ውኃና ሙቀት ሲያገኝ እያበጠ የሚያወፍር ነገር ነው፤ በጓዳ ውስጥ የበቆሎ ስታርች ከሌለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት፣ ማለትም በወፍጮ ፋብሪካ የተፈጨና የተነፋ ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ሥራውን ይሠራል። የከፍታ ጉዳይ በቀጥታ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆንዋ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውኃም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። የፈላ ነገር እሳቱ ቢበረታበትም ሙቀቱ ከዚያ እምብዛም አይጨምርም፤ ትርፉ እሳት ውኃውን በቶሎ ወደ እንፋሎት ከመለወጥ በቀር ፍሬውን ይበልጥ አያሞቀውም። የበቆሎ ስታርች በሚገባ የሚወፍረው ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነውና፣ በዝቅተኛ አገር የተጻፈ መመሪያ አንዴ ከፈላ በቂ ነው ሲል የአዲስ አበባው ጋጋሪ ግን በለሰለሰ እሳት ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ጨምሮ ሊያፈላው ይገባል፤ ጠንካራው ኮክም የሚለሰልሰው በዚሁ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ ወደ መጋገሪያው ከመግባቱ በፊት በጭማቂው ውስጥ ገረፍ ተደርጎ ቢበስል ይሻላል። ሎሚ የሚጨመር ከሆነ ጭማቂው ከወፈረና ከእሳት ከወጣ በኋላ መሆን አለበት፤ አሲድ ከስታርች ጋር አብሮ ረጅም ጊዜ ሲፈላ የማወፈር ኃይሉን ያደክመዋል።

ይኸው ከፍታ ሊጡን በሌላ መንገድ ይነካዋል። ቤኪንግ ፓውደር የሶዳ፣ የአሲድነት ባሕርይ ያላቸው ጨዎችና የስታርች ድብልቅ ሲሆን፣ እርጥበት ሲነካው በከፊል፣ እሳት ሲያገኘው ደግሞ በተረፈው ኃይሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይለቃል፤ የጋዙ አረፋዎችም ሊጡን ያነፉታል። የአየሩ ግፊት ዝቅ ባለበት አገር ግን ይኸው የጋዝ መጠን የበለጠ ይለጠጣል፤ ሊጡ ደግሞ ግድግዳው በሙቀት ሳይጸና ከልክ በላይ ስለሚነሣ አረፋዎቹ ይፈነዱና መሐሉ ይሰምጣል። ኬኬ ወደቀ እያሉ ዱቄቱን ወይም ምድጃውን የሚወቅሱ ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በዝቅተኛ አገር የተለካውን የቤኪንግ ፓውደር መጠን እንዳለ መቀበላቸው ነው። ለአንድ ኩባያ ዱቄት አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ የሚል መመሪያ በአዲስ አበባ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ሊወርድ ይገባል፤ ስኳሩም የሊጡን መጽናት ስለሚያዘገይ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይቀነሳል፤ ውኃ በቶሎ ስለሚተንም ወተቱ በዚያው ልክ ይጨመራል፤ የምድጃው ሙቀት ደግሞ በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ይህ ሁሉ የሚደረገው ሊጡ ነፍቶ ሳይወድቅ እንዲጸና ነው።

በዚህ መሠረት ለአምስት ሰው የሚበቃ ኮብለር የሚሠራው ግማሽ ኪሎ ያህል የተላጠና የተቆራረጠ ኮክ፣ አንድ ኩባያ ወይም 125 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ አንድ ኩባያ ወተት ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ጋር፣ 80 ግራም ያህል ቅቤ፣ እንዲሁም ጭማቂውን ለማወፈር ከላይ የተጠቀሰውን ስታርች ወይም ዱቄት በመያዝ ነው። ከስኳሩ ገሚሱ ለፍሬው፣ ገሚሱ ለሊጡ ይሆናል፤ ስኳሩ በሸማቾች ማኅበር በኩል በወር የሚታደል ለሆነበት ቤተሰብ ፍሬው ጣፋጭ ሲሆን መጠኑን ቀንሶ ማትረፍም ይቻላል። ቅቤው በመጋገሪያው ዕቃ ውስጥ ቀልጦ ይቆያል፤ ዱቄቱ፣ የቀረው ስኳር፣ ጨውና ቤኪንግ ፓውደሩ በደረቁ ከተቀላቀሉ በኋላ ወተቱ ገብቶ ሊጡ እንደ ፓንኬክ ሊጥ ቀጥኖ ይመታል፤ ብዙ ከተመታ ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን እየተሳሰረ ሊጡን ያጠነክረዋልና ዱቄቱ ከጠፋ በቂ ነው። ሊጡ በቀለጠው ቅቤ ላይ ይፈሳል፤ ኮኩ ከወፈረው ጭማቂ ጋር በላዩ ይደረደራል፤ ከዚያ በኋላ ማማሰል የተከለከለ ነው። ሊጡ እየነፋ በፍሬዎቹ መካከል ወደ ላይ ይወጣል፤ ቅቤውም ዳር ዳሩን ይጠብሰዋል። የዚህ ምግብ ቅለትም ጥበብም ያለው ሊጡ ይህን ሥራ በራሱ እንዲሠራ በመተው ላይ ነው።

ስለ ቅቤው አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ለወጥ የተነጠረው ቅቤ በኮሰረት፣ በጥቁር አዝሙድና በሌሎች ቅመሞች የተዋሐደ በመሆኑ ለፍራፍሬ አይስማማም፤ ያለ ቅመም የተነጠረ ቅቤ ግን መልካም ነው፤ ውኃው ስለወጣለት ከጥሬው በአምስተኛ እጅ ያህል ቢያንስም ያው ይሆናል። ከቅመሞቹ መካከል ለኮክ እጅግ የሚስማማው ኮረሪማ ነው፤ ከተፈለፈለው ውስጥ ጥቂቱን ወቅጦ በጭማቂው ላይ መነስነስ ቀረፋ ብቻ ከሚሰጠው የበለጠ ጥልቀት ያለው መዓዛ ያወጣል። በውጭ መጻሕፍት ውስጥ ቀረፋ በየገጹ ስለተጻፈ ብቻ ከእርሱ አለመውጣት ለእጅ ቅርብ የሆነውን ሀብት መናቅ ነው።

የእሳቱ ጉዳይ ረዘም ያለ ሐተታ ይሻል። ምድጃ፣ ማለትም ከላይና ከታች የሚሞቅ ኦቨን ላለው ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ በ190 ዲግሪ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል። በጀሞና በሌሎች የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግን ብዙው ቤተሰብ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ምጣዱ ደግሞ ሙቀቱን ከታች ብቻ ይሰጣል፤ አክምባሎውም እንፋሎቱን ስለሚይዘው የኮብለሩ ላይ ይነጣል እንጂ አይቀላም። ይሁንና ከላይና ከታች በሆነ እሳት መጋገርን የዚህ አገር ሰው ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር ታቹም ላዩም ፍም ነው፤ መከራ የከበበውን ሰው ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት እንደ ድፎ ዳቦ የሚለው አነጋገርም ከዚሁ የመጣ ነው። የአሜሪካ ሠፋሪዎችም ኮብለራቸውን ይጋግሩ የነበረው በብረት ድስት፣ ክዳኑ ላይ ፍም እየከመሩ ነበርና፣ ሁለቱ ሙያዎች ሳይተዋወቁ አንድ መፍትሔ ላይ ደርሰዋል። ስለዚህ በከሰል ምድጃ ላይ የሚጋግር ሰው ወፍራም የብረት ድስት ይይዛል፤ ታቹ እንዳያር ከሥሩ ጥቂት፣ ከክዳኑ ላይ ደግሞ በዛ ያለ ፍም ያደርጋል፤ ስኳርና ቅቤ ያለበት ሊጥ ከድፎ ሊጥ ይልቅ በቶሎ ያርራልና የታቹ ፍም ሁልጊዜ ያነሰ መሆን አለበት። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የማይሸት ገዳይ ጋዝ ስለሆነ ይህ ሥራ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ ሊሠራ አይገባም፤ በረንዳ ወይም ግቢ ይፈልጋል።

የመብራት መቋረጥም በዚህ ከተማ የጋጋሪው ስሌት አካል ነው። በግማሽ የተጋገረ ሊጥ ሙቀቱ ሲቋረጥበት ይወድቃል፤ መብራቱ ሲመለስም አይነሣም። ስለዚህ ፍሬውን ቀድሞ በጋዝ ወይም በከሰል አብስሎ ጨርሶ መያዝ፣ ሊጡን ደግሞ ምድጃው በሚገባ ከሞቀ በኋላ ብቻ ማቅጠን ብልህነት ነው፤ መብራት ቢጠፋ ያልተቀላቀለ ዱቄት አይባክንምና።

ኮክ የሚበዛበት ክረምት የፍልሰታን ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውን ሱባኤ፣ የሚያገኝ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ቅቤና ወተት በማይበላበት ወቅት ኮብለር እንዴት ይሠራል? መልሱ ከሌሎች ኬኮች ይልቅ ለዚህ ቅርብ ነው፤ ሊጡ ከመጀመሪያውም እንቁላል ስለሌለበት የሚተካው ቅቤውና ወተቱ ብቻ ነው። በቅቤው ፈንታ ሽታ የሌለው የምግብ ዘይት ስልሳ ሚሊ ሊትር ያህል፣ በወተቱ ፈንታ ከኮኩ ከወጣው ጭማቂ ጥቂት የተጨመረበት ውኃ ይገባል። ውኃ የወተት ፕሮቲንና ስኳር ስለሌለው የላዩ መቅላት ይዘገያል፤ ስለዚህ ሊገባደድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አንድ ማንኪያ ስኳር በላዩ ይነሰነሳል። ይህ የጾም ኮብለር የፍስኩ ምትክ ተብሎ በይቅርታ የሚቀርብ ሳይሆን፣ የኮኩን ጣዕም ቅቤ ስለማይሸፍነው በራሱ መንገድ የጠራ ምግብ ነው።

ኮክ በሌለበት ወራት ማንጎ ይተካዋል፤ ነገር ግን የበሰለ ማንጎ አሲዱ አነስተኛ ስለሆነ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ግድ ያስፈልገዋል፤ ቃጫ የበዛበት የአገር ማንጎ ደግሞ ከመቆራረጥ ይልቅ ተጨምቆ ቢወፍር ይሻላል። ገበያ መውጣት ባልተቻለበት ቀን ከጓዳ የሚወጣ የመርቲ ማርማላታም ያገለግላል፤ ማርማላታ ስኳሩን ይዞ የመጣና ውኃው ቀድሞ የተነነ ፍራፍሬ ስለሆነ በጥቂት ውኃና ሎሚ ይቀጥናል፣ ሊጡ ውስጥ የሚገባው ስኳርም በግማሽ ይቀነሳል።

የኮብለር መድረስ የሚታወቀው በላዩ ቀለም ብቻ አይደለም፤ በዳር የሚፈላው ጭማቂ አረፋው ትንንሽና ፈጣን መሆኑ ቀርቶ ወፈር ብሎ በዝግታ ሲፈነዳ፣ በመሐል በሊጡ የገባ ስንጥር ደግሞ ደርቆ ሲወጣ ነው። ከእሳት እንደወጣ ቢቆረጥ ግን ጭማቂው ይፈሳል፤ ስታርች የሚጸናው ሲቀዘቅዝ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊጠበቅ ይገባል። ለማግስት የተረፈው ሌሊቱን ሊጡ ጭማቂውን ስለሚጠጣ ይለሰልሳል፤ ክዳን ባለው ድስት ቢሞቅ ይባስ ይረጥባልና፣ ሳይከደን በለሰለሰ እሳት ላይ ዳሩ እስኪደርቅ ድረስ መሞቅ አለበት።