«እምቡጥ» ሁሉ እምቡጥ ነውን? ስለ አንድ የሥነ ሕይወት ቃል አተረጓጎም የቀረበ ሂስ

1. የጉዳዩ መነሻ

የሥነ ሕይወት ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ለእንግሊዝኛው «በድ» ያላንዳች ማመንታት «እምቡጥ» የሚለውን ቃል ሲያስቀምጡ ይታያል። ያልተከፈተው አበባ እምቡጥ ይባላል፤ ከቅርንጫፍ ብብት የሚወጣውም እምቡጥ ነው፤ በጽንስ ጎን ላይ ብቅ ብሎ ኋላ ክንድ ወይም እግር የሚሆነው እብጠት ደግሞ «የእጅ እምቡጥ» ተብሎ ይተረጎማል። በምላስ ላይ ጣዕም የሚለየው የሕዋሳት ስብስብ እንኳ ከዚህ ስም አላመለጠም። ከዚሁ ጋር ሁለት ልዩ ልዩ ፅንሰ ሐሳቦች፣ ይኸውም የአካል በመጠን መጨመርና የአካል ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላ ደረጃ መሸጋገር፣ «ዕድገት» በሚለው በአንድ ቃል ይጠቀለላሉ።

የዚህ አሠራር ውጤት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊፈተን ይችላል። «የእምቡጡ መጠን ከዕድገቱ ጋር ይዛመዳል» ብለን ብንጽፍ አንባቢው ያደገ ነገር ትልቅ ይሆናል ከማለት ያለፈ ቁም ነገር አያገኝበትም። በምንጭ ቋንቋው ግን ይህ ዐረፍተ ነገር የብዙ ዓመታት ምርምር ያስከተለ እውነተኛ ጥያቄ ነው። የመጠን መጨመርና የደረጃ ለውጥ አንድ ላይ የሚሄዱት መቼ ነው? የሚለያዩትስ መቼ ነው? የሚል ነው። ጥያቄው በትርጉም ላይ ከጠፋ፣ መልሱን መተርጎም ትርፍ የለውም።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ችግሩ የቃል ምርጫ ብቻ አለመሆኑን ነው። «እምቡጥ» በማይገባው ቦታ ሲገባ የተሳሳተ ንድፈ ሐሳብ ይዞ ይገባል። በምሳሌዎቻችን የሚጠቀሱት የውጭ አገር ምርምሮች ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

2. «እምቡጥ» በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ

አማርኛ ተናጋሪ «እምቡጥ» ሲል በአእምሮው የሚሣለው ገና ያልተከፈተ አበባ ነው። ከቃሉ ጋር የሚሄዱት ግሦች ይህን ያረጋግጣሉ፤ እምቡጥ ይፈነዳል፣ እምቡጥ ይፈካል እንላለን። ሁለቱም ግሦች ከውስጥ ያለው ነገር ቀድሞ መኖሩን፣ የቀረው መገለጡ ብቻ መሆኑን ያስረዳሉ። በየቤቱ የሚገኘው ቅርንፉድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቅርንፉድ ሳይፈካ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እምቡጥ ነው፤ በውኃ አርሰን ራሱን ብንከፍተው መላበሻ ቅጠሎቹንና በውስጣቸው የተሰበሰቡትን ወንዴ ዘንጎች እናገኛለን። ስለዚህ በቃሉ ፍች ውስጥ «ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ተጠቅልሏል» የሚል ሐሳብ አለ።

ቋንቋችን ግን በዚህ ቃል ብቻ የተወሰነ አይደለም። የተቆረጠ ዛፍ ያቆጠቁጣል፤ ለጋው ቅርንጫፍ ቀንበጥ ይባላል፤ የራሰ እህል ይጎነቁላል፤ ከመሬት ብቅ ያለው ሰብል ቡቃያ ነው። ድንች የሚበቅልበትን ጎድጓዳ ነጥብ «ዓይን» እንለዋለን። ወደ ሰውና ወደ እንስሳም ስንሄድ ሕፃን ጥርስ ያበቅላል፤ የጎረምሳ ጢም ያቀመቅማል፤ የልጃገረድ ጡት ያጎጠጉጣል። አቆጠቆጠ፣ አቀመቀመ፣ አጎጠጎጠ የሚሉት ሦስት ግሦች በአንድ የአመሠራረት ስልት የተሠሩ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ሦስቱም በ«አ» ይጀምራሉ፤ ሁለት ተነባቢዎችንም ይደጋግማሉ። ሦስቱም አንድ ነገር ከገጽ በላይ ብቅ ብቅ ማለቱን ይናገራሉ እንጂ ከውስጥ ምን ተጠቅልሎ እንደ ነበር አይናገሩም። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች ለምናቀርበው ሐሳብ መሠረት ነው።

3. በዕፅዋት

በዕፅዋት ዘንድ «በድ» ማለት ያጠረና የታመቀ ግንድ ነው። በጫፉ ላይ የሚከፋፈሉ ሕዋሳት፣ በዙሪያው ደግሞ የቅጠል ወይም የአበባ ጅምሮች አሉት። መጠኑ ግን ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ጥቅል ጎመን ራሱ አንድ ግዙፍ የጫፍ በድ ነው፤ በሌላ በኩል የዛፍ ጎን ላይ ያለ በድ በዓይን የማይለይ ያህል አንሶ ለብዙ ዓመታት ሊተኛ ይችላል። ትንሹ የተኛው በድ ሕይወት የለውም ማለት አይደለም፤ የጫፉ በድ ከልክሎት ነው። ቲማንና ስኩግ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ባቀረቡት ሥራ የጫፉን በድ ቆርጠው በምትኩ ኦክሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ሲያኖሩ የጎኖቹ በዶች እንደ ታገዱ መቆየታቸውን አሳይተዋል።

ይህን የእንሰት ገበሬዎች በሥራ ያውቁታል። እንሰትን ለማባዛት የአሚቾው መካከለኛ ጫፍ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያም ከአሚቾው ዙሪያ ብዙ ችግኞች ይፈልቃሉ። ጫፉ ካልወጣ አይፈልቁም። እንዲህ ያለውን ነገር «እምቡጥ» ብለን ብንሰይመው ትርጉሙ ይዛባል፤ እዚህ ላይ የሚፈነዳ አበባ የለም፤ ያለው ፈቃድ የሚጠብቅ የብቅለት ነጥብ ነው። «ዓይን» የሚለው የድንች ቃል ይህን በትክክል ይገልጸዋል።

የአበባ በድ ደግሞ ሌላ ነው። የቡና አበባ በድ ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ካደገ በኋላ በበጋው ድርቀት ጊዜ ይቆማል። ዝናብ ሲጥል በፍጥነት ይረዝማል፤ ዐሥር ቀን ገደማ ሲሆነው ማሳው ነጭ ይለብሳል። እዚህ ላይ «እምቡጥ» የሚለው ቃል በቦታው ነው፤ አንባቢው ይፈነዳል ብሎ የሚጠብቀውም በእርግጥ ይፈነዳል።

በአበባ እምቡጥ ላይ መጠንና ደረጃ እጅግ ተቀራርበው የሚሄዱበት ጊዜም አለ። ኤሪክሰን በ1948 ባሳተሙት ጥናት የነጭ አበባ ሊሊ እምቡጥ ርዝመት በውስጡ ያሉት የወንዴ ሕዋሳት በየትኛው የመከፋፈል ደረጃ ላይ እንዳሉ ለመገመት እንደሚያስችል አስረድተዋል። ዛሬም አዳዲስ ዝርያ የሚያወጡ ባለሙያዎች የወንዴ ዘር ሕዋስን በቤተ ሙከራ ለማሳደግ ሲፈልጉ እምቡጦቹን በማስመሪያ ለክተው ይመርጣሉ። ይሁንና ማስመሪያው የሚሠራው ለተጠናው ዝርያና ለተጠናው የአበቃቀል ሁኔታ ነው፤ ከዚያ ውጭ መጠን የደረጃ ምልክት መሆኑ ይቀራል።

4. በእንስሳት

ወደ እንስሳት ስንመጣ የ«እምቡጥ» ጉዳት ይገለጣል። በዶሮ ጽንስ ላይ የክንፍና የእግር እብጠቶች ብቅ የሚሉት ከ21 የመታቀፊያ ቀናት በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በእብጠቱ ውስጥ አጥንትም ጣትም የለም፤ ያለው በስስ ሽፋን የተከበበ፣ ገና ያልተለየ የሕዋሳት ክምችት ነው። ሳውንደርስ በ1948 የእብጠቱን የጫፍ ሸንተረር ቆርጠው ሲያወጡ የሚወጣው ክንፍ ጎዶሎ ሆነ፤ ቀድመው ሲቆርጡ የጎደለው ክፍል ብዙ፣ ዘግይተው ሲቆርጡ ጥቂት ነበር። ይህም ማለት እብጠቱ ወደ ውጭ እየረዘመ ሲሄድ ክፍሎቹ ከላይ ወደ ታች እየተወሰኑ ይሄዳሉ ማለት ነው። እጅ በውስጡ ታጥፎ አልተቀመጠም፤ በማደግ ላይ ሳለ ይሠራል።

እንግዲህ ይህን ነገር «የእጅ እምቡጥ» ስንለው ለተማሪው ምን እንነግረዋለን? አንዲት ትንሽ እጅ ተጣጥፋ የምትፈካበትን ቀን ትጠብቃለች እንለዋለን። ይህ ሐሳብ በሳይንስ ታሪክ የታወቀ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ብዙ ሊቃውንት እንስሳ በዘሩ ውስጥ አካሉ ተሟልቶ፣ ግን አንሶ፣ ተቀምጧል ይሉ ነበር። ካስፓር ፍሪድሪሽ ቮልፍ በ1759 አካል ከማይለይ ነገር ደረጃ በደረጃ እንደሚሠራ በዶሮ ጽንስና በዕፅዋት አስረድተው ተከራከሩ፤ በኋላም የነበረው አስተሳሰብ ተተወ። በሳይንስ የሞተውን ሐሳብ በስያሜ ማስነሣት የተርጓሚ ሥራ ሊሆን አይገባም።

«እንግሊዞቹም ለሁለቱ አንድ ቃል ይጠቀማሉ» የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛው ቃል አበባን ብቻ አያመለክትም፤ የቅጠልንና የቅርንጫፍንም ይጨምራል። ፈረንሳይኛን መመልከት የበለጠ ያስተምራል። ፈረንሳዮች ያልተከፈተውን አበባ «ቡቶን»፣ ቅርንጫፍ የሚያወጣውን «ቡርዦን» ይሉታል። ለጽንሱ እጅና እግር የመረጡት ቃል «ቡርዦን» ነው፤ የአበባውን ቃል አልወሰዱም። አማርኛም እንደ ፈረንሳይኛ ሁለቱን የሚለይበት ቃል ሳያጣ፣ ተርጓሚዎቹ የእንግሊዝኛውን ጥቅልነት በአማርኛው ጠባብ ቃል ላይ ጫኑበት።

ለእንስሳት «ጉጥ» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። ጉጥ ከገጽ ላይ ወጣ ብሎ የሚታይ እብጠት ነው፤ አጎጠጎጠ ከሚለው ግሥም ጋር በድምፅና በፍች ይቀራረባል። የክንድ ጉጥ፣ የጥርስ ጉጥ፣ የጡት ጉጥ ስንል በውስጡ ስላለው ነገር አስቀድመን አንፈርድም። ከገጹ ላይ ጉጥ ብሎ የወጣ መሆኑን ብቻ እንናገራለን፤ ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው።

5. «ዕድገት» እና «አደራረስ»

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከተላል። ለጉጡ መጠን መጨመር «ዕድገት» እንበል፤ ወደ አጥንት፣ ወደ ጅማት፣ ወደ ጣት መለየቱንስ ምን እንበለው? «ልማት» የሚለው ቃል የመሬትና የኢኮኖሚ ሆኗል። «ሥርጸት» ከግእዙ ሠረጸ ወጥቶ መልካም መነሻ ነበረው፤ ነገር ግን በአንድ ወገን የነገረ መለኮት ቃል ነው፤ በሌላ ወገን ደግሞ የዕውቀትና የቴክኖሎጂ መስፋፋትን ለመግለጽ ተይዟል። «ብስለት» መጨረሻውን ይነግራል እንጂ መንገዱን አይነግርም።

በእኛ አስተያየት ቃሉ «ደረሰ» በሚለው ግሥ ውስጥ ይገኛል። እህል ይደርሳል፣ ጠላ ይደርሳል፣ ልጅ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ይደርሳል። በእነዚህ ሁሉ የሚለካው መጠን አይደለም፤ ደረጃ ነው። በዚህ ረገድ «አካለ መጠን» የሚለው የሕግ ቃል እጅግ የሚያስገርም ነው። ቃሉ የሚጠራው የአካልን መጠን ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን መለኪያ ያደረገው 18 ዓመት መሙላትን ነው። ቁመቱ አባቱን ያለፈ የ16 ዓመት ልጅ «አካለ መጠን ያልደረሰ» ነው። ሕጉ በአሠራሩ መጠንን ከመድረስ ለይቶታል፤ ግሡም «ደረሰ» ሆኖ ቀርቷል።

ስለዚህ የደረጃ ለውጡን «አደራረስ»፣ እያንዳንዱን ምዕራፍ «የአደራረስ ደረጃ» ብንለው የሚሻል ይመስለናል። የሳይንሱ አሠራርም ይህን ልዩነት ይጠይቃል። ሀምበርገርና ሀሚልተን በ1951 የዶሮን ጽንስ በ46 ደረጃዎች ሲከፍሉ በዕድሜና በጠቅላላ መጠን ብቻ አልተመሩም፤ የውጭ አካላትን ቅርፅ፣ ከእነዚህም ውስጥ የክንፍና የእግር ጉጥን ርዝመት ከስፋቱ ጋር አነጻጸሩ። ማርሻልና ታነር በ1969 የልጃገረዶችን አካላዊ ለውጥ ሲያጠኑ ከአምስቱ የጡት ደረጃዎች ሁለተኛው ያጎጠጎጠው ጡት ነው፤ እዚያም ደረጃው የሚወሰነው በቅርፁ እንጂ በትልቅነቱ አይደለም። ትዊቲና ሽዊንድ ደግሞ በ1931 የሁለት የሳላማንደር ዝርያዎችን ጅምር አካላት አለዋውጠው ሲተክሉ፣ የተተከለው አካል የአስተናጋጁን ሳይሆን የመጣበትን ዝርያ መጠን ያዘ። አደራረስ እኩል ሲሆን ዕድገት ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

«አደራረስ» ፍጻሜን ስለሚያመለክት ለሂደት አይመችም የሚል ተቃውሞ እንጠብቃለን። ሆኖም አሠራር፣ አካሄድ፣ አበቃቀል የሚሉትን ቃላት የሚሠራው ይኸው ስልት ሁኔታንና መንገድን እንጂ ፍጻሜን አይገልጽም።

6. የማጠቃለያ ሐሳብ

የቃላት መብዛት ተማሪን ያስቸግራል የሚሉ ወገኖች ጭንቀታቸው ይገባናል። ነገር ግን ያቀረብናቸው ቃላት አዲስ አይደሉም፤ ተማሪው ከቤቱ ይዟቸው የሚመጣ ናቸው። አዲስ የሚሆነው ድንበራቸው ብቻ ነው። በዚህ መሠረት «እምቡጥ» ላልተከፈተ አበባ ብቻ ይወሰን፤ ቅርንጫፍ ወይም ቅጠል ለሚያወጣው የዕፅዋት ነጥብ «ዓይን» ይባል፤ በእንስሳት ጽንስና አካል ላይ ለሚወጣው «ጉጥ» ይባል። በሃይድራና በእርሾ ላይ ወጥቶ ራሱን ችሎ ለሚለየው «ውላጅ» የተሻለ ነው፤ ሀርትዌል በ1970ዎቹ የእርሾን ውላጅ መጠን እያዩ ሕዋሱ በየትኛው የመከፋፈል ደረጃ ላይ እንዳለ ለይተዋል፤ በሕዋስ ዑደት ምርምራቸውም በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። የምላሱ ግን በመልክ ብቻ የተሰየመ ስለሆነ «የጣዕም ሕዋሳት ስብስብ» ቢባል ይበቃል።

«ዓይን» ከማየት አካል ጋር ይምታታል የሚለው ስጋት በእኛ ግምት ቀላል ነው፤ የድንች ዓይን የሚል ገበሬ ድንቹ ያያል ብሎ የተሳሳተበት ጊዜ የለም።

በመግቢያው ያነሣነውን ዐረፍተ ነገር አሁን እንደገና እንጻፈው፦ «የጉጡ መጠን የጽንሱን የአደራረስ ደረጃ ሊያመለክት ይችላል፤ ዕድገት ብቻውን ግን አደራረስን አይወስንም።» ይህ ዐረፍተ ነገር ሊረጋገጥ ወይም ሊስተባበል የሚችል ነገር ይናገራል። አንባብያን፣ በተለይም በትርጉም ሥራ ላይ ያሉ ባልደረቦቻችን፣ ቃላቱን በየጽሑፋቸው ፈትነው አስተያየታቸውን ቢልኩ ለወደፊቱ የስያሜ ሥራ ጠቃሚ ይሆናል።